የሻርኮ ወንበር

ዛሬ ዛሬ ጂም የሚያዘወትር ሰው ቦርሳ ውስጥ ሽጉጥ የምትመስል የማሳጅ መሣሪያ አትጠፋም። ቁልፏን ሲጫኗት ጫፏ በደቂቃ ከ2000 ጊዜ በላይ እየተመላለሰ የደነደነውን ጡንቻ ይደልቀዋል። የትናንት ፈጠራ ብትመስልም፣ አካልን እየነቀነቁ ማከም የቆየ ነገር ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ፣ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል፣ ዣን ማርተን ሻርኮ የሚባል ስመ ጥር የነርቭ ሐኪም ነበር። የፓርኪንሰን ሕሙማኑ በባቡር ወይም በሠረገላ ረጅም መንገድ ሲጓዙ ሕመሙ ቀለል እንደሚላቸው ይነግሩታል። ጤነኛውን የሚያደክም መንገድ እነሱን ያፍታታቸዋል! ሻርኮ ነገሩን ንቆ አላለፈውም። እንደ ባቡር የሚንጥ ወንበር አሠርቶ ያስቀምጣቸው ጀመር። በ1892 እ.ኤ.አ. ስለ ወንበሩ አስተማረ፤ በዓመቱ ግን አረፈ።

ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ቺካጎ ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተሹት። አንዱን የፓርኪንሰን ሕሙማን ቡድን በሚንቀጠቀጥ ወንበር አስቀመጡ፤ ሌላው ሳይነቃነቅ ዘና የሚያደርግ ድምፅ አዳመጠ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ምን አለ? ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

እንግዲህ የማሳጅ መሣሪያዋ ከንቱ ናት ማለት ነው? አይደለም። የጡንቻ ሕመም ከፓርኪንሰን ይለያል፤ ንዝረት የሕመሙን ስሜት ለጊዜው ያደበዝዛል። ጉልበታችን ሲጋጭ ሳናስበው በእጃችን የምናሸውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ስንታሸ አርፈን እንቀመጣለን፣ እንተነፍሳለን። ከሚሰማን እፎይታ የቱ የሞተሩ፣ የቱ የዕረፍቱ እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ መሣሪያዋ ያላችሁ ስልካችሁን አስቀምጡና ተረጋግታችሁ ተጠቀሙባት። ሥጋው ላይ እንጂ አጥንት ላይ ወይም የአንገት ፊት ላይ አታሳርፏት። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። አንድ እግራችሁ ብቻ አብጦ ባታችሁ ከሞቀና ካመማችሁ ደግሞ በፍጹም አትሹት፤ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።