ከሩቅ የሚታዘዝ ራዲዮ



አሜሪካ ልጄ ዘንድ ሄጄ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ልጄ ፈቃድ ያለው የአማተር ራዲዮ ሰው ነው። ራዲዮው ፎቅ ላይ፣ አንቴናው አጠገብ ነው፤ እሱ ግን ምድር ቤት ሆኖ በቤቱ ኔትዎርክ በኮምፒውተር ያዘዋል፤ ሞገድ ይለውጣል፣ ይናገርበታል።

አንድ ቀን እየተናገረ ሳለ መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ፎቅ ላይ ነበርኩ፤ ራዲዮው ማሰራጨቱን አላቆመምና ደነገጥኩ። ልጄ ከታች «አባባ፣ አይዞህ፣ ሰዓት ቆጣሪ አለው» አለኝ። እውነትም ጥቂት ቆይቶ ራሱ ዘጋ። ለካስ ከሩቅ የሚታዘዝ ጣቢያ መስመሩ ቢበላሽ ስርጭቱ ከ3 ደቂቃ እንዳያልፍ የአገሩ ደንብ ያዛል። አለዚያ ሞገዱን ይዞ የሌላውን የጭንቅ ጥሪ ያፍናል።

ወገኖቼ፣ ጡሩምባ ነፊያችንስ ነፍቶ ነፍቶ ዝም ባይል፣ ማን እንደ ሞተ በምን እንሰማለን?