ከቆርቆሮው አጥር በስተ ኋላ ምን ይሠራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የክፍላችን ኀላፊ መምህር «በወደድኸው ነገር ላይ ተናገር፤ ብቻ የምታውቀው ይሁን» ብለውኝ ነበር። እኔም ብዙ ካሰብሁ በኋላ በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያወራውን ነገር መረጥሁ፤ ይኸውም በከተማችን በአዲስ አበባ ስለሚሠሩት ረጃጅም ፎቆችና እኛ ስለ እነርሱ ስለምንሰጠው ግምት ነው። የመረጥሁትም ጠንቅቄ ስለማውቀው አይደለም። ያላወቅሁትን እንደማውቅ አድርጌ ተናግሬ ሰው ስለ ጐዳሁበት ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስትመጡ ያለፋችሁበትን መንገድ እስቲ አስታውሱ። በቆርቆሮ የታጠረ ስፍራ ሳያይ የመጣ ካለ እጁን ያውጣ። (ማንም አላወጣም።) እንግዲህ ሁላችንም አይተናል ማለት ነው። በአጥሩ ላይ የመስተዋት ፎቅ ተስሏል፤ ከፎቁ ሥር በአገራችን የማይበቅል ዛፍ ተተክሏል፤ በዛፉም ጥላ አንድም ጭቃ ያልነካው ጫማ ያደረጉ ሰዎች ይንሸራሸራሉ። ታክሲው በዚያ ሲያልፍ አንዱ ተሳፋሪ «ሆቴል ነው» ይላል። ሁለተኛው «የለም፥ ባንክ ነው፤ 30 ፎቅ ነው» ይላል። ረዳቱም መልስ እየቈጠረ «ሆስፒታል ነው፤ የሚያሠራውን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም በሚቀጥለው ፌርማታ ይወርዳሉ፤ ግምታቸው ግን አይወርድም፤ ከእኛ ጋር ወደ ሰፈራችን ይገባል።

ይህ የመገመት ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድና በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስትቈረቈር ድንኳንና ጐጆ ነበረች። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተሠርቶ ሲመረቅ የከተማው ሰው እንደ ተአምር ቢያየው አያስደንቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ተአምሩ በዛ። ብዙ እስረኞች የተሠቃዩበት «ዓለም በቃኝ» የተባለው ወህኒ ቤት በነበረበት ስፍራ በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተመረቀ፤ ቁመቱም ኅብረቱን ለማቋቋም የተወሰነበትን ቀን እንዲያስታውስ ተብሎ 99.9 ሜትር ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 209 ሜትር ከፍታ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤቱን አስመረቀ። ከእርሱ ብዙም ሳይርቅ ሠንጋ ተራ የሚባለው ሰፈር አለ። ስሙ የበሬ ነው፤ ዛሬ ግን በዚያ ቁመታቸውን የሚፎካከሩት ባንኮች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. ካሳንቺስ እንዴት በጥቂት ሳምንት እንደ ተለወጡ ከእናንተ መካከል በዓይኑ ያየ፥ ምናልባትም ዕቃውን ጭኖ የወጣ አለ። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «ነገ የእኛም ተራ ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን የተወራው ሁሉ አይቆምም። ከአሥር ዓመት በላይ ይሆናል፥ በዚሁ በከተማችን 99 ፎቅ ያለው፥ ከ400 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ ሊሠራ ነው የሚል ዜና ወጥቶ ነበር። አባቴ ዜናውን ለእናቴ ሲነግራት «መብራት በጠፋ ዕለት ሰውየው በ99ኛው ፎቅ ሽንኵርት ቢያልቅበት ምን ይሆናል?» እንዳለችው እስካሁን ይሥቃል። ያ ሕንፃ እስከ ዛሬ የለም። እናቴ ግን ሽንኵርቱን አልረሳችም።

ለምን ይቀራል ያልን እንደ ሆነ ምክንያቱ ብዙ ነው። የከተማ መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል፤ ስለዚህ ሕንፃ የሚሠራ ሰው መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው፤ የሊዝ ሕግ ደግሞ የሚጀምርበትንና የሚጨርስበትን ጊዜ ይወስንበታል። መሬቱ እንዳይወሰድበት የሚፈራ ሰው አጥር ያጥራል፥ ጕድጓድ ያስቈፍራል፥ ጥቂት ምሰሶ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ሊፍቱም፥ መስተዋቱም፥ አሉሚኒየሙም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለ ሆነ ሥራው ይቆማል። ከጣራው ላይ ዝገት የበላው ፌሮ እንደ ጃርት እሾኽ ቆሞ ምድር ቤቱ ብቻ ለሱቅ የተከራየ ፎቅ በየሰፈሩ ታያላችሁ። በወንጌል ግንብ ሊሠራ ጀምሮ ሂሳቡን ባለማሰቡ የሰው መሳቂያ ስለ ሆነው ሰው በሕፃንነታችን ተምረናል። በእኛ ከተማ ግን ጕዳቱ በባለ ግንቡ ላይ ብቻ አይቀርም። ይህን ለማስረዳት የራሴን በደል ልንገራችሁ።

የምኖረው በቀበሌ ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። ቤቶቻችን የጭቃ ሆነው ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። በ2014 ዓ.ም. እኔ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከግቢያችን ጀርባ ያለው ባዶ ስፍራ በቆርቆሮ ታጠረ፤ በአጥሩም ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቀለ። በግቢው እንግሊዝኛ የሚያነብ ብዙ ሰው ስላልነበረ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። እኔም አነበብሁ፤ ጂ ፕላስ 24 ይላል፤ ከምድር ቤቱ በላይ 24 ፎቅ ማለት ነው። ሰሌዳው ያለው ይህን ብቻ ነበር። እኔ ግን ከራሴ ጨመርሁበት። «24 ፎቅ በዚህች ቦታ አይበቃውም፤ የእኛን ግቢ ሳይወስድ አይቀርም» አልሁ። በሳምንቱ ወሬው የእድር ድንኳን ውስጥ ገብቶ፥ ጢም አብቅሎ ተመለሰልኝ፤ «የተማረ ልጅ ሰሌዳው ላይ አንብቦታል፤ ልንነሣ ነው» ተባለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቤት አንዲት ባልቴት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። ጣራቸው በጣም አርጅቶ ስለ ነበር ለቆርቆሮ ብለው ዕቁብ ገብተው ነበርና በዚያ ሰሞን ዕጣው ደረሳቸው። አንድ ቀን ማታ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጠሩኝና «ና እስቲ ልጄ፤ አንተ የተማርህ ነህ፤ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም? ቆርቆሮውን ልግዛ ወይስ ልተወው?» አሉኝ። ሳላመነታ «እማማ፥ ይተውት፤ ከዓመት አያልፍም» አልኋቸው። እርሳቸውም ይሰጠኛል ብለው ለገመቱት ኮንዶሚኒየም በዕቁቡ ገንዘብ የብረት አልጋ ገዙ።

ዓመቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ግቢያችንን የነካ የለም። ከአጥሩ በስተ ኋላ የተቈፈረው ጕድጓድ ውኃ ሞላ፤ ሌሊት ሌሊት እንቍራሪት እንሰማለን። በሁለተኛው ክረምት አፈሩ እየተናደ ሲመጣ የጋራ ማድ ቤታችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የእማማ ጣራ ደግሞ ያፈስሳል። ባልዲ፥ ሳፋ፥ ድስት፥ ያላቸውን ሁሉ ይደቅናሉ፤ የብረት አልጋውም ከነላስቲኩ በግድግዳው ጥግ ቆሞ ጠብታውን ይቀበላል። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። «አንተ ምን ታደርግ፥ ያነበብኸውን ነው የነገርኸኝ» ነው የሚሉኝ። እኔ ግን አላነበብሁትም ነበር።

ባለፈው ዓመት ሁለት የክፍል ጓደኞቼን ይዤ እውነቱን ለማወቅ ተነሣሁ። በመጀመሪያ የጠየቅነው ዘበኛውን ነበር፤ «ማሽኑ ከሄደ ቈይቷል፤ እኔም ደመወዜን እጠብቃለሁ» አለን። ከዚያ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን። በመጀመሪያው ቀን ኀላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሁለተኛው ቀን ፋይሉ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው ተባልን፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት ትሑት ሠራተኛ ካርታውን ዘርግተው አሳዩን። ይዞታው በአጥሩ ላይ ያበቃል። የእኛን ግቢ የሚነካ መስመር በዚያ ካርታ ላይ አልነበረም። «ይህ ግን የዛሬው ነው፤ የነገውን አልፈርምላችሁም» አሉን። እኔ በአንድ ደቂቃ የተናገርሁትን ለማፍረስ ሦስት ቀን ፈጀብን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የአንዱ ጓደኛዬ አባት፥ ዛሬም ከመካከላችሁ የተቀመጡት መሐንዲስ፥ የሕንፃን ነገር እንዴት እንደምናይ አስተማሩን። «ሥዕሉን ተዉት፤ ጕድጓዱን ተመልከቱ» አሉን። የጕድጓዱ ጥልቀት ከመሬት በታች ምን ያህል ቤት እንደ ታሰበ ይናገራል። የምሰሶው ውፍረትና የፌሮው ብዛት የሚሸከመውን ክብደት ያመለክታል፤ በመካከል እንደ ጕድጓድ ክፍት የሆነ የአርማታ ግድግዳ ካያችሁ የሊፍት መውጫ ነው። አርማታ እንደ ጭቃ በመድረቁ ብቻ ጠነከረ አይባልም፤ ናሙናው በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ ተፈትኖ ነው ጥንካሬው የሚታወቀው። የከተማው ውኃ በራሱ ግፊት ወደ ላይኛው ፎቅ ስለማይወጣ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱና ውኃው አብረው ይቆማሉ። (እናቴ ይህን ስነግራት «አላልሁም?» አለች።) በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማን በምድር ቤት ያለው ሰው ምንም ሳይሰማው በላይኛው ፎቅ ያለው በፒጃማው ለምን እንደ ወረደም ገለጹልን፤ ረጅም ሕንፃ እንደ ባሕር ዛፍ ከጫፉ ነው የሚወዛወዝ።

ስለ ማድ ቤታችን ግድግዳም ጠየቅናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ማንኛውም ግንባታ የሰውንና የሌላውን ንብረት ደኅንነት በማይጐዳ አኳኋን እንዲሠራ እንደሚያዝዝ ነገሩን። ይህን በግቢያችን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ስለ ፎቁ ቁመት ግን ሕፃን እንኳ ሳይቀር የራሱ ቍጥር ነበረው።

እኔ ፎቅ አይሠራ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ጓደኞቼ «አንተ የጭቃ ቤት ጠበቃ ሆንህ» ይሉኛል። የምንኖርበት ቤት ክብር ያለው ሰው ሊኖርበት የሚገባ አይደለም፤ ነገ በሥርዓቱ ተነግሮን፥ የምንገባበት ታይቶ ብንነሣ ቀድሜ ዕቃ የምሸከም እኔ ነኝ። የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። በእያንዳንዱ አጥር ላይ፥ ከዚያ ከማይበቅለው ዛፍ ሥዕል አጠገብ፥ በአማርኛ ይጻፍልን፤ ምን እንደሚሠራ፥ ስንት ፎቅ እንደ ሆነ፥ ይዞታው ከየት እስከ የት እንደሚደርስ፥ መቼ እንደሚያልቅ። ሥራው ከቆመም መቆሙ ይጻፍ። በዚህ አዳራሽ በማዘጋጃ ቤትም፥ በባንክም፥ በኮንትራክተርነትም የምትሠሩ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተ ዝም በምትሉበት ስፍራ የሚናገረው የታክሲ ረዳት ነው፤ እርሱ በማይደርስበትም እንደ እኔ ያለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይናገራል።

እኛም በጂኦግራፊ ክበባችን አንድ ደብተር ከፍተናል። በትምህርት ቤታችን ዙሪያ ላለው ለእያንዳንዱ አጥር አንድ ገጽ ሰጥተን ገጹን በሦስት ዓምድ ከፈልነው፤ ያየነው፥ የሰማነው፥ ያረጋገጥነው። እስካሁን 11 አጥሮች ተመዝግበዋል። «የሰማነው» የሚለው ዓምድ ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሯል። «ያረጋገጥነው» በሚለው ሥር የተጻፈው ግን በአራት ገጾች ላይ ብቻ ነው። ደብተሩ ዛሬ በ7ኛ ክፍል በሚታየው ኤግዚቢሽን ላይ ስለ ተቀመጠ፥ የምታውቁት ካለ በእርሳስ እንድትጽፉልን እንለምናለን፤ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ግን እባካችሁ በሁለተኛው ዓምድ ጻፉት።

እማማን በተመለከተ፥ ለጥገናው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የእድራችን ሰዎችና እኛ ተማሪዎች አዋጥተን 14 ቆርቆሮ ገዛንላቸው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት በሁለት ቅዳሜ ተመታ፤ ምስማር የማቀበሉ ሥራ የእኔ ነበር። ሥራው ሲያልቅ እማማ ቡና አፍልተው የብረት አልጋውን ላስቲክ በመቀስ ቀደዱት፤ የልጅ ልጃቸውም በላዩ ዘለለበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በጀርባችን ያለውን አጥር በጣታቸው እያሳዩ «አሁንስ፥ ልጄ፥ መቼ የሚያልቅ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«አላውቅም፥ እማማ» አልኋቸው።