«ልቤን ነው ልጄ»

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ ጨጓራና አንጀት ሕክምና እንድናገር ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ሌላ ርእስ መርጫለሁ። ብዙዎቻችሁ እንደ ሰማችሁት፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ትናንት እራት ላይ አንድ የክፍላችን ልጅ «ምነው፣ ሕክምናው ሰለቸሽ እንዴ?» አለኝ። አልሰለቸኝም። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ፤ በቀሩት ቀናት እማራለሁ። ለምን እንደሆነ ግን በጉርሻ መካከል የሚመለስ ስላልሆነ ለዛሬ አቆየሁት።

ነገሩ የሚጀምረው ቢቸና ነው። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለፋሲካ ቤተሰብ ጥየቃ ሄድሁ። ጋወኑን ጎንደር ትቼ ማዳመጫውን ግን ይዤው ነበር፤ ያኔ ማን ይተወዋል! በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ አክስቴ ጓዳ ጠራችኝና «ልቤን ነው ልጄ፤ ልቤን ያቃጥለኛል» አለችኝ። «ሌሊት ሌሊት…» ብላ ልትቀጥል ስትል ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁት። ደረቷ ላይ አንድ ትርፍ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። የአራተኛ ዓመት ተማሪ የሌለ ድምፅ መስማት እንደሚችል፣ እዚህ ያላችሁ መምህራን ታውቃላችሁ። «ባሕር ዳር ሄደሽ ልብሽን ተመርመሪ» አልኋት።

ልጇ ካለች አለች ነው። ጊደሯን ሸጣ ሄደች። ልቧ ደኅና ነበር፤ ተመለሰች። ከሁለት ወር በኋላ ሰገራዋ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ራሷን ስታ ወደቀች። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ የነበረ ቁስል ደምቶ ነው። ደም ተሰጥቷት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። ካገገመች በኋላ «ያን ቀን ምን ልትይኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሌሊት ሲርበኝ ያቃጥለኛል፤ ቁራሽ እንጀራ ስቀምስ ይተወኛል ልልሽ ነበር። አንቺ ጆሮሽን ደፈንሽው» አለችኝ። ክፍል ውስጥ የተማርሁት የቁስሉ ምልክት በሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር። ልቧን አዳመጥሁ እንጂ ልብ አላልኋትም።

ተመርቄ ሞጣ ተመደብሁ። ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል የሚያልፈው መንገድ ነው፤ አገሩም ንግግሩም የራሴ ነው ብዬ ነበር የሄድሁት። እዚያ አብረን የምንሠራ አንዲት አንጋፋ ነርስ ነበሩ። በሽተኛው «ልቤን» ሲል ካርዱ ላይ ምንም ሳይጽፉ «እስቲ በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ» ይላሉ። ጣቱ ብዙ ጊዜ ከደረት አጥንት ግርጌ፣ ጨጓራው ላይ ያርፋል። ከእሳቸው ተምሬ ደብተር ጀመርሁ፤ በአንድ በኩል ቃሉን፣ በሌላ በኩል ጣቱ ያረፈበትን። ልብ፣ ውጋት፣ ቁርጠት፣ ምች፣ ቁርጥማት። በሁለት ዓመት ውስጥ ደብተሩ ሞላ።

ከዚያ ለስፔሻሊቲ ጀርመን ሄድሁ። ለሐኪም የሚሰጠው የሙያ ቋንቋ ፈተና ሦስት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ነው። መጀመሪያ በሽተኛ መስሎ የተቀመጠን ሰው ታነጋግራለህ፣ ከዚያ የሰማኸውን ትጽፋለህ፣ በመጨረሻ ለሐኪም ታስረዳለህ። አለፍሁ። አለፍሁና ቋንቋውን የቻልሁ መሰለኝ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ አንዲት አሮጊት «ሄርትስግሩበ» ላይ ያመኛል አሉኝ። ቃሉን ስከፍተው «የልብ ጉድጓድ» ማለት ነው። እጄ ወደ ልብ ምርመራ ወረቀቱ ሲሄድ ቆም አልሁና «በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ» አልኋቸው። ጣታቸው ከደረት አጥንት ግርጌ አረፈ! የጀርመን ገበሬና የጎጃም ገበሬ ጨጓራውን በልቡ ስም ይጠራዋል። ያን ሌሊት አክስቴ ፊቴ ላይ መጣች። ፈተና የሚያሳልፍ ቋንቋና ሰው ሲያመው የሚናገርበት ቋንቋ ለየቅል መሆናቸው ገባኝ። ሁለተኛውን የት እንደሚያስተምሩ ስጠይቅ፣ መንገዱ ወደ ሥነ ጽሑፍ ወሰደኝ።

እዚያ ያገኘሁት ነገር ደግሞ ከዚሁ ከኛ ግቢ ጋር የተያያዘ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛነት የተጀመረው የጎንደር ኮሌጅ፣ የሕክምና ፋኩልቲው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲከፈት አጋሩ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከኛ በፊት የነበሩት በላይፕዚግ ፕሮፌሰሮች ተምረዋል፤ እኛ ወሬያቸውን ከአንጋፋዎቹ ሰምተናል። ታዲያ በ1824 እ.ኤ.አ. በዚያው በላይፕዚግ የገበያ አደባባይ ዮሐን ክርስቲያን ቮይትሴክ የሚባል ሥራ አጥ የቀድሞ ወታደር በሰይፍ ተቀጣ። ወዳጁን ገድሎ ነበር። ድምፅ እንደሚሰማው ተናግሯል። ክላሩስ የተባለ ሐኪም መርምሮት በሥራው ተጠያቂ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሪፖርቱም በሕክምና መጽሔት ታተመ።

ያን ጉዳይ ይዞ ተውኔት የጻፈው ጌኦርግ ቡሽነር ነው። የሐኪም ልጅ ነው፤ ሕክምና የተማረና በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ አናቶሚ ያስተማረ ሰው ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. በሃያ ሦስት ዓመቱ ሲሞት ተውኔቱን አልጨረሰውም። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ሐኪም አለ። ለድሃው ወታደር ጥቂት ገንዘብ እየሰጠ አተር ብቻ ይመግበዋል፤ ሽንቱን ይለካል። ሰውየው አእምሮው ሲናወጥ ሐኪሙ ጥሩ ምልክት አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ወታደሩ ያን ገንዘብ ለልጁ እናት ይወስዳል። መጀመሪያ ሳነበው ሐኪሙን ጠላሁት። ሁለተኛ ሳነበው ትርፍ የልብ ድምፅ አገኘሁ ብላ የተደሰተችው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ትዝ አለችኝ። ጽሑፌን የምሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ሐኪም የነበሩ ጸሐፊዎች፣ ቡሽነር፣ የቪየናው ሽኒትዝለር፣ የበርሊኑ ዶብሊን፣ በሽተኛ ሲናገር እንዴት እንደ ጻፉት።

ወጣቶቹ መንገዱን እየጠየቃችሁኝ ነውና ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። የሕክምና ዲግሪያችን ለጀርመን ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ በር አይከፍትም፤ በዘርፉ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል። እኔ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ከዚያ ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ከሀ ጀመርሁ። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ የቤት ኪራይና የቀለብ ግን አለ፤ ደመወዜም በሥራ ቀኔ ልክ ቀንሷል። ቋንቋውን አገር ቤት መጀመር ለሚፈልግ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ አለ። አገራችንን ለቅቃችሁ ሂዱ እያልሁ አይደለም። የመጣሁት እንዲያውም አንድ ነገር ልጠይቅ ነው።

ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ነበር። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ሊቅ እየጠየቀ፣ እሳቸው እየመለሱ፣ እሱ ይጽፍ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ ሞቱ። የአማርኛው መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ፍራንክፈርት ላይ ታትሞ የወጣው በ1698 ነው። የአገራችን ቃል እንዲያ ተለቅሞ፣ የኛ በሽተኛ ሕመሙን የሚናገርበት ቃል ግን ዛሬም ለተማሪያችን በመጽሐፍ አልቀረበለትም። ተማሪው በሽተኛውን በአማርኛ ጠይቆ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በመካከል የሚወድቀውን ማንም አያነሣውም።

ስለዚህ ለመምህራኑ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎች ለቲቲፒ ወደ ወረዳዎቹ ሲወጡ፣ ከመጸዳጃ ቤት ቆጠራው ጎን ለጎን አንድ ደብተር ይያዙ። ቃሉን ይጻፉ፤ ጣቱ ያረፈበትን ይጻፉ። ቦታውንም ይጻፉ፤ ቢቸና የሚባለው ደባርቅ ላይ ላይባል ይችላል። እኔ የሞጣውን ደብተሬን አምጥቻለሁ፤ ቅጂውን ዛሬ ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት እሰጣለሁ። ማሰባሰቡንና ማስተካከሉን በየዓመቱ ከእናንተ ጋር እሠራለሁ።

አባቴ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ይህን ትምህርት ስጀምር ስልክ ደውዬ ነገርሁት። ዝም ብሎ ቆየና «ጀርመንኛም ቅኔ አለው?» አለኝ። «አለው አባባ፤ እኔ ግን ገና ቆጠራ ላይ ነኝ» አልሁት። «አትቸኩይ፤ እኔ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለኝ። አክስቴ ከጎኑ ሆና ምን እንደምንነጋገር ጠየቀች። «የፈረንጅ ቅኔ ልትማር ነው» አላት። ድምፅዋ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ፤ «ይሁን፤ ብቻ ጆሮዋን አትድፈን በልልኝ» አለች።