ትሉና ትራፊው
(በቤት ውስጥ የባሕር ውሃ ገንዳ ትራፊ ለቃሚ ትሎችን ስለ መቈጣጠር በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የመሐንዲስ ሙያ በግድብና በድልድይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በሳሎን ጥግ የተቀመጠ፣ 200 ሊትር የባሕር ውሃ የያዘ የዓሣ ማርቢያ የመስተዋት ገንዳም የሚገባበትና የሚወጣለት ነገር ተመዝኖ ሊያዝ ይገባዋል። የዚህ ንግግር ርእስ በእንዲህ ያለው ገንዳ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ከድንጋይ ሥር የሚወጣው ባለ ጠጕር ትል ነው።

የገንዳው ባለቤት ትሉን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ድንገት ባትሪ ሲያበራ ነው። ትሉ ወደ ሮዝ የሚያደላ ግራጫ ቀለም ያለው፣ በግራና በቀኝ ጐኑ ነጫጭ ጠጕር በዘለላ የተደረደረለት፣ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ስንጥቁ የሚሸሽ ፍጥረት ነው። ወደ ገንዳው የሚገባውም ከባሕር በወጣ ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ ነው። ባለቤቱ በመደንገጥ መርዝ ጨምሮ በአንድ ሌሊት ሊፈጀው ይነሣል። ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ትሉ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ መመርመር ያሻል። ዓሣው የተወው ምግብ፣ ኩስና የሞተ ቀንድ አውጣ ውሃ በደንብ በማይዘዋወርበት ስንጥቅ ይከማቻሉ። ትሉ ይህን እየበላ ያደቅቀዋል። ከዚያም ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እንግዲህ ትሉ በገንዳው የፍሳሽ ማጣሪያ የመጀመሪያው ሠራተኛ ነው።

በዚህ ገንዳ ውስጥ 50 ግራም ትል በአንድ ጊዜ ሞቶ በሰበሰ እንበል። ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛው ፕሮቲን ነው ተብሎ ቢታሰብ 5 ግራም ይሆናል። ከፕሮቲን ውስጥ 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ 0.8 ግራም ናይትሮጅን ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ይኸውም በአንድ ሊትር 4 ሚሊግራም ማለት ነው። ፒኤቹ 8.2 አካባቢ በሆነ የባሕር ውሃ ውስጥ የአሞኒያ መርዝነት የከፋ በመሆኑ፣ ባክቴሪያዎቹ ሳይደርሱለት ዓሣው ሊያልቅ ይችላል።

ጅብ ሌሊት ወደ ከተማ የሚገባው የሥጋና የአጥንት ትራፊ ስለሚጣልለት ነው። የትሉም ነገር ከዚህ አይለይም፤ ቍጥሩ የሚበዛው ትራፊው ሲበዛ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው መፍትሔ ዓሣው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ መመገብ፣ በወለሉ ላይ የተጠራቀመውን ዝቃጭ በቱቦ እየሳቡ ማውጣትና የውሃውን ዝውውር ማጠናከር ነው። ቀለቡ ሲያንስ ትሉም ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

ቍጥሩን ፈጥኖ መቀነስ ሲያስፈልግ፣ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ቍራጭ ሽሪምፕ ተጨምሮበት ማታ ይቀመጣል፤ ሳይነጋም ከነትሎቹ ይወጣል። በባዶ እጅ ግን መንካት አይገባም፤ ጠጕሩ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራልና ያቃጥላል። ጓንትና ወረንጦ ያስፈልጋሉ። ትሉን መቍረጥም አይበጅም፤ ከእነዚህ ትሎች አንዳንዶቹ ከቍራጫቸው ተመልሰው ሙሉ አካል ያበቅላሉ።

ይሁን እንጂ ትል ሁሉ ትራፊ ለቃሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር በኒውኪ ከተማ በሚገኝ የሕዝብ የዓሣ ማሳያ ኮራሉ እየተቦጨቀ፣ ዓሣውም እየቈሰለ አስቸግሮ ነበር። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ሲነሡ ከ1 ሜትር የሚበልጥ፣ ጠንካራ መንጋጋ ያለው አዳኝ ትል ተገኘ። በራሱ ላይ አምስት ቀንድ መሰል መዳሰሻዎች ያሉት ወይም ሕያው ኮራል ላይ ወጥቶ የሚመገብ ትል ሲታይ፣ ያን አንዱን ለይቶ ማውጣት ይገባል። በአንዱ ጥፋት ሌሎቹን መፍጀት ግን የማጣሪያውን ሠራተኞች ማባረር ይሆናል።

በመጨረሻም የገንዳው ባለቤት በትሎቹ ብዛት በደነገጠ ጊዜ፣ የመርዙን ጠርሙስ ከማንሣቱ በፊት በየዕለቱ የሚጨምረውን ምግብ በሚዛን ላይ ያስቀምጥ። የትሉ መብዛት የሚናገረው ስለዚያ ነውና።