የአስም መድኃኒት ስትቀበሉ አሳሳቡን ጠይቁ



የዛሬው ንግግሬ ስለ እርግዝና መከላከያ ሳይሆን ስለ አስም ነው። ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ እናቶች መካከል «ጽንሱን ይጎዳብኛል» ብለው የአስም መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ አሉ። ጽንሱ ኦክሲጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ስለሆነ ይበልጥ የሚጎዳው የእርሷ ትንፋሽ ሲያጥር ነው። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝዝ አታቁሙ።

መድኃኒቱን በቦርሳ መያዝ ብቻ ግን አይበቃም። በተለምዶ ፓፍ የምንለው መድኃኒት አሳሳቡ ካልታወቀ አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ሳንባ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ «አይሠራም» ተብሎ ይጣላል!

አሳሳቡን ማስተማር የፋርማሲ ባለሙያው ሥራ ነው። ሂሳብ ከፍላችሁ አትሩጡ። «እስቲ ያሳዩኝ» በሉ፤ ካሳዩአችሁ በኋላ እናንተም በፊታቸው ሠርታችሁ አሳዩ። ከኋላ ሰው ተሰልፏል ብላችሁ አትፈሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱም ድገሙት፤ ይረሳል።

ክዳኑን ከፍታችሁ በደንብ ወዝውዙት። ቀና ብላችሁ ትንፋሻችሁን አስወጡ። የፓፉን አፍ በከንፈራችሁ ግጥም አድርጉና ቀስ ብላችሁ መሳብ ስትጀምሩ አንድ ጊዜ ተጫኑ፤ መሳባችሁን ግን አታቋርጡ። እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሻችሁን ያዙ። ሁለተኛ ከታዘዘ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ቆዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሳብ ሳይጀምር በመጫን ወይም በጥድፊያ በመሳብ ነው። የዱቄቱ ዓይነት ደግሞ በተቃራኒው በኃይል ነው የሚሳበው፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ቶሎ ይከፍታል። ቤክሎሜታዞን ግን የቧንቧውን ብግነት የሚቀንስ መከላከያ ነው፤ ደህና በሆናችሁበት ቀንም እንደታዘዘው ይወሰዳል። ከእርሱ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ ትፉ፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

መጫኑንና መሳቡን ማስማማት ለሚያቅተው ልጅ ስፔሰር የሚባል መያዣ አለ። ከሌለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በአግባቡ የተዘጋጀ የ500 ሚሊ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ይተካዋል። አዘገጃጀቱን ከባለሙያ ተማሩ።

ባሎችም ፋርማሲው ድረስ አብራችሁ ሂዱ። ሌሊት ሲነሳባት የምታቀብሉት እናንተ ናችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ መድኃኒቱን እየሰጣችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።