የሰዓቱ ቁጥርና የእኛ መዝገብ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አሮጌ የእጅ ሰዓት ነው። «ስለ ቁጠባና ብድር የምንመክር ሴቶች ከወርቅ ሰዓት ጋር ምን አገናኘን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ። የከተማችን ስም ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤት ማለት ደግሞ የከበረ ዕቃ የሚጠበቅበት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ወሬው ለእኛ ባዕድ አይደለም።

በብዙ ቤት ከሣጥን ውስጥ አንድ የከበረ ነገር አይጠፋም፤ የእናት ድሪ፣ የአያት ሽልማት፣ የአባት ሰዓት። ሰዓቱ ከቆመ ብዙ ጊዜ ወይ ለአላፊ ነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ከሌላ ሰዓት የተነቀለ ዕቃ ይገጠምበታል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ወደ ሠራው ፋብሪካ መመለስ።

በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቭ ከተማ የሚገኘው ፓቴክ ፊሊፕ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሠራውን ማንኛውንም ሰዓት ተቀብሎ እንደሚያድስ ይናገራል። ሎንዥን የሚባለውም የስዊስ ፋብሪካ ከ1867 ጀምሮ በእጅ የተጻፉ መዝገቦችን ጠብቆ አቆይቷል። ባለሙያዎቹ ክዳኑን ከፍተው መጀመሪያ የሚያነቡት በውስጡ ማሽን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ከመዝገባቸው ጋር ሲያመሳክሩ ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና መቼ ከፋብሪካው እንደወጣ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዱን ጥርስና ሞላ ፈትተው፣ የደረቀውን ዘይት አጥበው፣ ያለቀውን ዕቃ የሚተኩት። ዕቃው በገበያ ከሌለ እንደ ጥንቱ አድርገው በእጅ ይሠሩታል።

ሰዓት የምትልክ ሰው ግን ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሲያብረቀርቅ ማየት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ወርቅ በተሞረደ ቁጥር ይሳሳል፣ የተቀረጸውም ስም ይደበዝዛል። ፊቱ እንደ አዲስ የተቀባ ሰዓትም በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ መጠየቅ፣ «አትሞርዱት፤ የምታወጡትንም አሮጌ ዕቃ መልሱልኝ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። የእድሳቱ ወጪ ከሰዓቱ ዋጋ ሊበልጥም ይችላል። ለተራ ሰዓት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ያለ ጎበዝ ሰዓት ሠሪ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1947 ዓ.ም.፣ ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ከስዊስ መንግሥት አንድ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እንደተበረከተላቸው ይነገራል። ቀኑን፣ ወሩንና ጨረቃዋን ጭምር የሚያሳይ ሰዓት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጄኔቭ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ከጨረታው ወጣ። በኋላ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ።

እስቲ አስቡት። የፋብሪካው መዝገብ የሰዓቱን ልደት ያውቃል፤ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡም ካልጻፈው ነገሩ የክርክር ምንጭ ይሆናል። በንጉሥ ቤት ይህ ከደረሰ፣ በእኛ ቤት እንዴት አይደርስ?

እህቶቼ፣ ይህ ነገር ሕጋችን ውስጥም አለ። በቤተሰብ ሕጋችን አንዲት ሴት በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘችው ንብረት የግሏ ነው። ነገር ግን የግሏ መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ከአባቷ የወረሰችው ሰዓት፣ ከእናቷ የተቀበለችው ድሪ፣ ስለ ዕቃው ያስረዳ ጽሑፍ ወይም ምስክር ከሌለ፣ ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ «የኔ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃትም። በተቃራኒው ደግሞ የጽሑፍን ኃይል በዓይናችን አይተናል። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ከባሏ ጋር አብሮ መውጣቱ ለስንት ሴት መከታ ሆኗል!

ስለዚህ ወደ ቤታችን ስንመለስ አንድ ሥራ እንሥራ። ሣጥናችንን እንክፈት። ያለንን የከበረ ዕቃ አንድ በአንድ እንመዝግብ፤ ምን እንደሆነ፣ ቁጥር ካለው ቁጥሩን፣ ከማን እንደተገኘ፣ መቼ እንደተሰጠን። ሰጪው በሕይወት ካለ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይፈርምልን። በስልክም ፎቶ እናንሣው። ማንበብና መጻፍ የማትችል እህት ካለች ልጇ ይጻፍላት፤ ካልሆነም ከመካከላችን የምትችል ትጻፍላት። ማኅበራችን የእያንዳንዳችንን ቁጠባ በመዝገብ ይይዛል፤ ያንኑ ልማድ ወደ ሣጥናችን እንውሰደው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የጄኔቭ ሰዓት ሠሪ የመቶ ዓመት ሰዓት ተቀብሎ ማደስ የሚችለው ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ጸሐፊ ቁጥሩን ስለ መዘገበ ነው። ለልጅ ልጆቻችን ያ ጸሐፊ እኛ እንሁንላቸው።