ፎቶግራፍና የሩቅ አገር ሰው



ሩቅ አገር ያልሄደ ሰው አገሩን የሚያውቀው በመጽሔት ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ግን የሚያሳየን አንሺውና አዘጋጁ የመረጡትን ብቻ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ለሽፋኑ እንዲስማማው የጊዛን ፒራሚዶች በኮምፒዩተር አቀራርቦ አተመ። በ1985 ዓ.ም. በሽፋኑ ያወጣት አፍጋናዊት ስደተኛ ልጅ በዓለም ሁሉ ታወቀች፤ ስሟ ሸርባት ጉላ መሆኑ የተገለጸው ግን በ2002 ዓ.ም. ነው። ዓለም 17 ዓመት ሙሉ መልኳን ሲያደንቅ ስሟን አያውቅም ነበር። በ2018 ዓ.ም. የመጽሔቱ አዘጋጅ የቀድሞው አቀራረባቸው ለብዙ ዓመታት ዘረኛ እንደ ነበረ ጽፋ አመነች።

እንግዲህ ጓደኞቼ፤ የሩቅ አገር ሰው ፎቶግራፍ ስናይ፥ «ይህ ሰው ማን ይባላል? ከፎቶግራፉ ውጭ የቀረውስ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልክ ማየት ሰውን ማወቅ አይደለምና።